የ2019ን ፋሲካ ካላንደር ሳያዩ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

አራት ኪሎ አስፋልት ዳር የ2019 ካላንደር እስኪዘረጋ መጠበቅ አያስፈልግም። ማካፈል ከቻላችሁ፣ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ እስኪመጣ ሶፍት ላይ ሠርታችሁ ትጨርሱታላችሁ። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር፣ ቁም ነገሩ ቀሪው ነው፤ ድርሻው ይጣላል።

መጀመሪያ 2019 ላይ 5500 ደምሩ። 7519፣ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት) ነው።

ለ19 አካፍሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የስልክ ካልኩሌተር 395.7368 ይላል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ግን ቀሪ አይደለም። 395ን ብቻ በ19 አባዙ፣ 7505። ከ7519 ሲቀነስ 14። ይህ መደብ ይባላል። ለእኔ በእጅ ማካፈል ይሻላል፤ ቀሪው ራሱ ታች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ልጆች ሞዱሎ የሚሉት ይህንኑ ነው። ቃሉን ጀርመናዊው ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ከላቲን «ሞዱለስ»፣ ትንሽ መለኪያ፣ አመጣው። 19 የሆነበት ምክንያት ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደዚያው ቀን ስለምትመለስ ነው።

ከመደቡ 1 ቀንሱ። ሊቃውንቱ በግእዝ «አሐደ አእትት ለዘመን»፣ ለዘመኑ አንድ ቀንስ፣ ይላሉ። 13፣ ወንበር። ቀሪው ዜሮ ከሆነ (2005 እንዲያ ነበር) መደቡን 19 ብላችሁ ያዙ።

ወንበሩን በ11 አባዙና 30 30 እያላችሁ ግደፉ (ቀንሱ)። 143፣ ቀሪው 23፣ አበቅቴ። ቃሉ ከግሪክ ነው፣ «የተጨመረ» ማለት። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ከፀሐዩ 11 ይጎድላል። መጥቅዕ ደግሞ ወንበር በ19 ተባዝቶ 30 ሲገደፍ የሚቀረው ነው። እኔ ግን አላባዛም፤ ሁለቱ ምንጊዜም 30 ስለሚሞሉ ከ30 ላይ 23 ቀንሼ 7 እላለሁ።

መጥቅዕ የቀን ቁጥርም ነው፤ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ከበለጠ በመስከረም። የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 7 ቅዳሜ። የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 8 ነው፤ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ እንዲህ እየወረደ ዓርብ 2። 7 ላይ 8 ሲደመር 15።

መጥቅዑ ጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። መስከረም ቢውል ጥር ነበር፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30 ገድፋችሁ ወደ የካቲት ትሻገራላችሁ። ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን ይርቃል። 84፣ የካቲትና መጋቢት 60 ሲወጣለት ሚያዝያ 24።

በ2018 ሞክሩት፤ እንቁጣጣሹ ሐሙስ ነበር። ሚያዝያ 4 ካልመጣላችሁ አበቅቴውን ዳግም እዩት።