ቦርዱ ተቃጥሏል ከማለታችሁ በፊት

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አዳማ ሲያድሩ የመኪና ፍሪጃቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ቃላቸው አንድ ነው፦ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይርልኝ።» ቦርድ (ኮምፕረሰሩን የሚያሰራው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) መሸጥ አልጠላም። ግን ብዙ ጊዜ ቦርዱ ደህና ነው።

የማወራው ቢዲ 35 ወይም ቢዲ 50 የሚባለው የዳንፎስ ኮምፕረሰር (አሁን ሴኮፕ ይባላል) ስላለባቸው ፍሪጆች ነው። ቦርዱ የባትሪውን ከረንት ወደ ሶስት ፌዝ ቀይሮ ሞተሩን ያዞራል። ስለዚህ «እስቲ ኮምፕረሰሩን ቀጥታ ከባትሪ እንሞክረው» የሚል ጎበዝ ካለ እጁን ያዙት።

መጀመሪያ ቮልት ለኩ። ባትሪው ላይ አይደለም፤ ቦርዱ ላይ፣ ፕላስና ማይነስ በተጻፈበት ቦታ። ያውም ኮምፕረሰሩ ሊነሳ ሲሞክር። ቆሞ 12.6 ያሳየው ቴስተር ሲነሳ ወደ 10 ከወረደ ቦርዱ ያቆማል። ስራው ነው፣ ባትሪያችሁን እየጠበቀ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በ12 ቮልት 10.4 ላይ ይቆማል፣ 11.7 ካልደረሰ አይመለስም። በ24 ቮልት 22.8 እና 24.2 ነው። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የላላ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ወይም ቀጭን ሽቦ ነው። በ12 ቮልት ለ4 ሜትር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለ6 ሜትር ባለ 6 ያስፈልጋል። ሽቦውን በ15 አምፔር ፊውዝ አድርጋችሁ ከባትሪው ቀጥታ ሳቡ። የ24 ቮልት መኪና ላይ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 የሚጠልፉም አሉ፤ ያ ባትሪ ከጓደኛው ቀድሞ ይሞታል።

ቮልቱ ደህና ከሆነ ቦርዱን ራሱን ጠይቁት። ባለ 10 ሚሊ አምፔር ኤልኢዲ አምፖል ቦርዱ ላይ ፕላስና ዲ (D) በተጻፈባቸው ቦታዎች መካከል አስገቡ፤ ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ፕላስ። ከዚያ ብልጭታውን ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ቮልት አንሷል። ሁለት ከሆነ ፋኑ ከመጠን በላይ ይስባል፤ ነቅላችሁ ሞክሩ። አራት ሞተሩ ከብዶት ፍጥነቱ ወርዷል ማለት ነው። አምስት ቦርዱ ግሏል፤ ከአዋሽ በታች ባለው ሙቀት፣ አየር ማስገቢያው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ምን ይጠበቃል?

የሚያደናግረው ሶስት ነው፤ ሞተሩ አልነሳም ማለት ነው። አሁን አጥፍታችሁ ወዲያው ካበራችሁት የጋዙ ግፊት አልተስተካከለም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሆነ ሶኬቱን ከኮምፕረሰሩ ነቅላችሁ ሶስቱን ፒኖች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ። ሶስቱም ልኬት እኩል መሆን አለበት፣ ቢዲ 35 ላይ 2 ኦም አካባቢ። አንዱ ከተለየ ወይም ከቦዲ ጋር ከተነካካ ኮምፕረሰሩ አልቆለታል፣ አዲስ ቦርድ አታባክኑበት። እኩል ከሆኑ ግን ደህና መሆኑን የምታውቁትን ተመሳሳይ ቦርድ ተውሳችሁ ሞክሩ። እሱም ሶስት ካለ ኮምፕረሰሩ ተጣብቋል።

ፀጥ ካለስ? ብልጭታም ፋንም ከሌለ ቦርዱ ላይ ሲ (C) እና ቲ (T) የተጻፈባቸውን፣ የቴርሞስታቱ መስመር የሚገባባቸውን ሁለት ቦታዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ። ከተነሳ ቦርዱን ተዉት፣ ችግሩ ቴርሞስታቱ ወይም መስመሩ ነው። ካልተነሳ፣ ቮልቱም ደህና ከሆነ፣ አሁን ቦርድ ግዙ።

ስትቀይሩ የሲ እና የቲ መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ ሬዚስተር አትጣሏት። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት። ያለ እሷ ሞተሩ በደቂቃ 2000 ብቻ ይዞራል፤ 277 ኦም ከሆነች 2500፣ 692 ከሆነች 3000።