የእሁድ ጨዋታ አሠራር፦ ጥብስ፣ ስልቻና ማሲንቆ

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ሙያ ሥራ አይጠፋም፤ ጎማ ሁሌም ይተነፍሳል። እሁድ ከሰዓት ግን ሱቄን ዘግቼ ማሲንቆዬን ታቅፌ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። አራት ነን። ዋሽንት የሚነፋ አናጢ፣ ክራር የምትደረድር ነርስ፣ ምንም የማይጫወት ግን ሒሳብ የሚከፍል ጋሼ፣ እና እኔ። ሦስታችን መሣሪያችንን ገና እየተማርን ነን። ለዚህ ነው ከዘፈናችን ሳቃችን የሚበዛው። "እናንተ ጋ ምንድን ነው ሁሌ የሚያስቃችሁ?" ለሚሉን ሁሉ አሠራሩ ይኸውና።

መጀመሪያ ጥብስ እዘዙ። ግን ዝም ብላችሁ "ጥብስ" አትበሉ። ስሙን ሙሉውን ጥሩና ሥጋው እስኪመጣ ድረስ ስሙ ከየት እንደመጣ ተከራከሩ። ሸክላ ጥብስ ስሙን ያገኘው ከዕቃው ነው። ዝልዝል ከቢላዋው ነው፤ ሥጋው ረዝሞ ስለሚዘለዘል። ጭቅና ከከብቱ ብልት ነው። አዋዜ ከሚለወሰበት ነገር። ደረቅ ጥብስ ደግሞ መረቅ ስለሌለው። ልዩ ጥብስስ? እሱ ከምንም አይደለም። ልዩነቱ ሒሳቡ ሲመጣ ነው የሚገባችሁ። (ጾም ከሆነ ዓሣ ጥብስ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አታንሱት። እኛ አንድ ጊዜ አንስተነው ዓሣው በረደ።)

የአገር ቤቱ ስም ሲያልቅ ወደ ቱርክ ተሻገሩ። እዚያ ጥብሱ ኬባብ ነው፤ ስሙም እንደኛው ከዕቃና ከሥራ የመጣ ነው። ሺሽ ማለት ሥጋው የሚሰካበት ሹል ብረት ነው። ዶነር ማለት የሚዞር ማለት ነው። ሻዋርማም ያው ነው፤ ዐረቦቹ ማዞር ከሚለው ሌላ የቱርክ ቃል ነው የወሰዱት። ስለዚህ ዶነር ይሻላል ሻዋርማ ብሎ የሚጣላ ሰው ካያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው በሉት። አዳና ኬባብ የከተማ ስም ነው። እስክንድር ኬባብ ደግሞ የሰው ስም ነው፤ ቡርሳ በምትባል ከተማ የነበረ ባለሙያ። የእኛ ተወዳጅ ግን ቾፕ ሺሽ ነው። ቾፕ በቱርክኛ ቀጭን እንጨት ነው፣ ቆሻሻም ማለት ነው። ነርሷ ይህን የሰማች ቀን በእጇ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። እንደዚህ ዓይነት ስም ሲገኝ ቶሎ አታውጡት። ሰው አፉን እስኪሞላ ጠብቁ።

ከጥብስ ወደ ሙዚቃ መሻገሪያውም እዚያው ቱርክ ነው። በጥቁር ባሕር ዳር የሚነፋ ቱሉም የሚባል ባለስልቻ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ቱሉም ማለት የፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። አይብም ያስቀምጡበታል፤ አይቡም በዚያው ስም ይጠራል። ቱኒዚያ ውስጥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ መዝወድ ይሉታል፤ እሱም ስንቅ መያዣ ማለት ነው። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ!

ስለዚህ ስልቻ ቀልድ ከመንገራችሁ በፊት አሠራሩን አስረዱ። ሰው ያልገባውን ነገር አይስቅበትም። እኔ የማስረዳው በብስክሌት ነው። ስኮትላንዶች የሚነፉትን ባለስልቻ መሣሪያ፣ ባግፓይፕ የሚባለውን፣ ውሰዱ። ስልቻው ከመነዳሪ ነው በሉት። መንፊያው ቱቦ ላይ አየር የማይመልስ ቫልቭ አለው፤ ልክ እንደ ጎማ። ሰውዬው ይነፋል፣ ትንፋሽ ሲወስድ በክንዱ ይጫነዋል። አየሩ ስለማይቋረጥ ድምፁም አይቋረጥም። አንዱ ቱቦ ባለቀዳዳ ነው፤ ዘጠኝ ድምፅ ያወጣል። ሦስቱ ቱቦዎች አንድ ድምፅ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጉረመርማሉ። ቀስ ማለት የለም፣ ጮክ ማለት የለም፣ ዕረፍት የለም። አናጢው ይህን ሲሰማ ዋሽንቱን አየት አደረገና "እኔ እኮ አንድ ስንኝ ሳልጨርስ ነው ትንፋሼ የሚያልቀው" አለ።

አሁን ቀልዱን ወርውሩ። ነፊዎቹ ለምንድን ነው እየሄዱ የሚነፉት? ከድምፁ ለማምለጥ። በዚያ አገር የቆየ ቀልድ ነው፤ ራሳቸው ነፊዎቹም ያወሩታል። ሁለተኛው ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ሽንኩርት ከትፎ ለማያውቅ አይነገርም። በሽንኩርትና በዚህ ስልቻ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሽንኩርት ሲከተፍ ሰው ያለቅሳል። እዚያ ላይ ዝም በሉ። "ስልቻው ሲከተፍ ግን..." ብላችሁ ከቀጠላችሁ ቀልዱን ገደላችሁት።

በሰው መሣሪያ ከሳቃችሁ በኋላ ተራው የእናንተ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ክረምት ላይ ነው። ዝናቡ ሲከርም የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። መድኃኒቱ ማሞቅ ነው። የዚያን ዕለት ሸክላ ጥብሱ ከነከሰሉ መጣ። እኔም ማሲንቆዬን ፊቱን ወደ ፍሙ አዙሬ ወንበር ላይ አስደገፍኩት። የሻዋርማውን መዞር እያስረዳሁ ረሳሁት። መጀመሪያ የጠረነው ጭራው ነው። ዞር ስል ቆዳው ጫፉ ላይ ተጨማዶ ቡናማ ሆኗል። አስተናጋጇ ሰሃን ይዛ ቆማ "ይሄኛው ምን ጥብስ ይባላል?" አለች። ማንም አልመለሰላትም፤ ሦስቱም መሬት ሊወርዱ ነው በሳቅ። (ማሞቅ ካለባችሁ አንድ ክንድ ርቀት ይበቃል። መዳፋችሁን አስቀድሙ፤ እጃችሁን ካቃጠለው ቆዳውንም ያቃጥለዋል።)

ማዶ ተቀምጦ የነበረ አዝማሪ ሁሉንም ሰምቷል ለካ። ሳይጠራ መጣና ጋሼ ፊት ቆመ፦

ስልቻ ተነፍቶ ዘፈን ካወጣማ፣
የጋሼ ቦርጭሳ ምነው አይሰማ?

እኛ በወሬ ብንለው ነውር ነበር። በግጥም ግን ይቻላል። አዝማሪ ሲነካችሁ አትቆጡ፣ ፈጥናችሁም ብር አታውጡ። መልስ ስጡ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና "ተቀበል!" አለ፦

ቦርጬማ ዝም አለ ጥብስ እየጠበቀ፣
ከሰሉ ማሲንቆ ሲጠብስ አለቀ።

አዝማሪው ተቀብሎ ሦስት ጊዜ አዞረው። ጋሼ ያን ጊዜ ነው ብሩን ግንባሩ ላይ የለጠፈለት። እኔ ማሲንቆዬን ታቅፌ ስመለስ ሁለት ውሾች እስከ ቤቴ በር ድረስ ሸኙኝ።