ቦይለሩ ከግድግዳ ለምን ይላቀቃል? የኩሽና ከባድ ዕቃ ሰቀላ፣ ችግርና መፍትሄ

ውሃ ልክ መያዝ፣ ብሬከር ማውረድ፣ ከሶኬትና ከማብሪያ በላይና በታች አለመብሳት፦ ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የማታውቁ ከሆነ ድሪሉን አስቀምጡና ባለሙያ ጥሩ።

ምልክት፦ ቦይለሩ አናቱ ተላቅቆ ወደ ፊት አዘንብሏል

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። በቦይለሩና በሴራሚኩ መካከል ከላይ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ከቪቴው ሥር ዱቄት ይረግፋል። ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ካቻቪቴ ይዞ ቪቴውን ሊያጠብቅ ይሮጣል። እንዳታደርጉት! ስታጠብቁ የቀረውን ትንሽ መያዣም ትፈጩታላችሁ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ የሚገባውን ውሃ ዝጉ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ክፈቱና የሴፍቲ ቫልቩን ጆሮ አንስታችሁ አፍስሱት። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ፤ እስከዚያው ከሥሩ ማንም አይቁም።

ምክንያቱ ግድግዳው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ፎቅ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው ምሰሶ) ኮንክሪት፣ መሃሉ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። የፊቱ ገጽ ውፍረት ሦስት ሳንቲም ገደማ ቢሆን ነው። ከፊቱ ያለው ልስንና ሴራሚክ ሌላ ሦስት ሳንቲም ያህል ይወስዳል፤ እሱ ክብደት ይይዛል ብላችሁ አትቁጠሩት። ስለዚህ ስድስት ሳንቲም ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪቴውን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ስትከቱ ግማሹ ልስን ውስጥ ይቀራል፣ ጫፉ ባዶው ላይ ይወጣል። ፊሸር የሚይዘው ቪቴው ሲወጥረው ዙሪያውን ስለሚገፋ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ምኑን ይግፋ?

አሁን ክብደቱን አስቡት። 80 ሊትር ቦይለር ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው፤ ከነራሱ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ያውም ቁልቁል ብቻ አይጎትትም። ክብደቱ ያረፈበት መሃሉ ከግድግዳው 20 ሳንቲም ያህል ወጣ ስለሚል፣ ታችኛው ጎኑ ግድግዳውን እየገፋ የላይኛውን ቪቴ ወደ ውጭ ይነቅላል። «ወፍራም ቪቴ አድርግበት» የሚሉኝ ደንበኞች ይህን አይረዱልኝም። ቪቴው ተበጥሶ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚለቀው ግድግዳው ነው።

ጎሮ አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም ተጠርቼ ስሄድ ቦይለሩ ሲንኩን ሰብሮ ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ቤቱ በውሃ ተጥለቅልቋል።

«እትዬ፣ ማን ነው የሰቀለው?»

«የእህቴ ልጅ ነው። ሲጨርስ እኮ ራሱ ተንጠልጥሎ አሳይቶናል!»

ልጁ ሲንጠለጠል ቦይለሩ ባዶ ነበር፤ ሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ቀናት አልፈዋል። ውሃ ሌሊት መጣ፣ ቦይለሩ ሞላ፣ ሊነጋጋ ሲል ወረደ። እግዜር ይመስገን፣ በሰዓቱ ኩሽና ውስጥ ሰው አልነበረም። ቀዳዳዎቹን ሳይ የክብሪት እንጨትና ሶፍት ወጣ። ሌላ ቤት የመጥረጊያ እንጨት ተቀርጾ ተወትፎ አግኝቻለሁ። ቀዳዳ ሰፋ ብሎ እንጨት መወተፍ ለፎቶ ፍሬም ሊሆን ይችላል፤ ለ100 ኪሎ ግን አይሆንም።

መፍትሄው እንደ ግድግዳው ይለያያል። መጀመሪያ ግድግዳውን እወቁት፦ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብሱት። ኮንክሪት ከሆነ እስከ መጨረሻው ይታገላችኋል፤ ብሎኬት ከሆነ ፑንታው ድንገት ዘው ይላል።

ኮለን ወይም ቢም ከተገኘ ዕቃውን ወደዚያ አምጡት። 10 ሚሊሜትር ኤክስፓንሽን ቦልት (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰፋ የብረት ቡሎን)፣ ከኮለኑ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሳንቲም ገባ ብሎ፣ ልስኑን ሳትቆጥሩ ኮንክሪቱ ውስጥ በቂ ጥልቀት ይዞ። ፑንታው ፌሮ ከነካ ቦታ ቀይሩ፤ ፌሮ አይቆረጥም።

ብሎኬት ብቻ ከሆነ፣ ግድግዳውን አሳልፌ እበሳና ባለ ጥርስ ዘንግ አሳልፋለሁ። ከጀርባው 15 በ15 ሳንቲም የሆነ ወፍራም ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ። ያኔ የሚሸከመው መላው ግድግዳ ይሆናል። ጀርባው የጎረቤት ሳሎን ከሆነ ግን ይህ አይሆንም፤ ያኔ ከወለል የሚነሳ የቱቦላሬ (ሆዱ ባዶ የብረት ዘንግ) እግር አስበይዳለሁ። ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳው ቦይለሩ እንዳይወድቅ ብቻ ይይዘዋል። «ያስጠላል» ይሉኛል። ቀለም ይቀባል እላለሁ። ብሎኬቱን ከፍቶ ሆዱን በኮንክሪት መሙላትም ይቻላል፤ ችግሩ ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ደንበኛ ደግሞ በማግስቱ ሻወር ይፈልጋል። ሳይደርቅ የሰቀለ ሰው ገንዘቡን ጥሎታል።

ስለ ፊሸር ካነሳን፣ ስሙ የመጣው በ1958 እ.ኤ.አ. የናይለኑን ፊሸር ከሠራው ጀርመናዊ አርቱር ፊሸር ነው። ዛሬ ግን ስሙን የወረሰ ፕላስቲክ ሁሉ ፊሸር ይባላል። ስትገዙ አንዱን እጠፉት፤ ጥሩ ናይለን ይተጣጠፋል፣ ርካሹ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ባለሱቁ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አንድ ነገር ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። ቦይለሩን ከመስቀሌ በፊት ማንጠልጠያዎቹ ላይ ብረት አጋድሜ ውሃ የሞሉ ባለ 25 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖችን አራት አድርጌ በገመድ እሰቅላለሁ፤ ከመሬት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብለው። እንዲያ አድረው ጠዋት ቪቴው ሥር ዱቄት ካለ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ውሃ ከጠፋ አሸዋ ሙሉበት፤ «ውሃ ሲመጣ እንሞክረዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ምልክት፦ ቪቴው ከነፊሸሩ ይዞራል

ቀዳዳው ሰፍቷል። ብሎኬት ላይ ድሪሉን መዶሻ ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ ስለበሳችሁ የውስጡ ገጽ ፈርሷል። ብሎኬት በመዶሻ አይበሳም፤ መዶሻው ለኮንክሪት ነው። ለቀላል ዕቃ ቦታ ቀይራችሁ በቀስታ ብሱት፤ ለከባድ ከላይ ያልኩትን አድርጉ።

ምልክት፦ ከሴፍቲ ቫልቩ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ግድግዳው ይረጥባል

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ትርፉ በዚያ ይወጣል፤ ሲሞቅ ትንሽ መንጠባጠቡ ጤናው ነው። ቀጭን ጎማ ቀጥላችሁ ወደ ሲንኩ ምሩት። አንድ ጋሼ በቡሽ ደፍነውት አገኘሁ። ቫልቩ የተደፈነ ቦይለር ቦምብ ነው፤ በፍጹም፣ በፍጹም አይደፈንም! ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ቫልቩን ቀይሩት።

ምልክት፦ የግድግዳ ካቢኔቱ ከጀርባው ይላቀቃል

የተሰቀለው በጀርባው ማዞኒት፣ በቀጭኑ የእንጨት ሰሌዳ፣ ነው። ማዞኒት አቧራ ይከለክላል እንጂ ሳህን አይሸከምም። ከላይ ወፍራም ጣውላ ግራና ቀኝ ከቺፑዱ ጎን ጋር ይታሰር፣ ቪቴው በእሱ ይለፍ።

የቀሩት፦ ሴራሚክ ከተሰነጠቀ በመዶሻ ስለተበሳ ነው፤ የሴራሚክ ፑንታ ግዙ። ሁዱ (ከምድጃ በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ) ከተንቀጠቀጠ ከሥሩ የጎማ ሮንዴላ አስገቡ። የማይክሮዌቭ ማንጠልጠያ አግሮስቶን ወይም ጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ላይ ከሆነ አውርዱት፤ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ጭቃ ቤት ውስጥም ቦይለር ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ከወለል በሚነሳ የብረት እግር ይቁም።