የእሁድ ምሳ ያለ ዶሮ ወጥ

እሁድ ምሳ ሰው ጠርታችሁ ቅዳሜን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላሉ የምታመሹ፣ ይቺን ስሙኝ። ዶሮ ወጥ ለዓመት በዓል ይቆይ። 12 ብልት ማውጣቱ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡ፣ እንቁላሉ... እንግዳ ሲደርስ ጋባዧ ቁጭ ብላ ለመጫወት እንኳ አቅም አይኖራትም።

እኔ ሐሙስ ማታ 1 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አቁላልቼ ቁሌቱን ፍሪጅ አስገባለሁ። በዘይት ነው የምሠራው፤ ቅቤው በኋላ ይገባል። እሁድ ግማሹን ቦዘና ሽሮ አደርገዋለሁ፣ ግማሹ ለቋንጣ ፍርፍር። ሁለቱም በ30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳሉ።

ጥብሱን ግን እንግዶቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ነው የምጥደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ 2 ኪሎ ሥጋ አንዴ መጥበሻ ላይ ይከምርና ውሃ አውጥቶ ቅቅል ይሆንበታል። ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ መጥበሻው እስኪግል ጠብቁ፣ በትንሽ በትንሹ ጥበሱ። “ጭስስስ” ካላለ ገና ነው። ሽንኩርቱ ተከትሎ ይገባል፤ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ልታወርዱ ስትሉ፤ ቀድመው ከገቡ ቃሪያው ይልመሰመሳል።

ከጎን ሰላጣና አይብ ይበቃል። አማቴ መጀመሪያ “ዶሮ የለም እንዴ?” ብለው ነበር፤ ቦዘናውን ሁለቴ አስጨመሩ።