1,234,567 ላይ ተማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማስጠናቸው የ8ኛ ክፍል ልጆች 1,234,567 ሲሰጣቸው የሚሳሳቱት ሁሌም እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው?

አንደኛ፣ መጨረሻውን አይቶ መፍረድ። "መጨረሻው 7 ነው፣ ስለዚህ ብቸኛ ነው" ይላሉ። 27ስ? መጨረሻው 7 ነው፤ ግን 3 ጊዜ 9 ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም ይብሳል፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ሕግ ይመስላል። አኃዞቹ ሲደመሩ 28 ይመጣል። "28 ለ7 ይካፈላል፣ እንግዲህ ቁጥሩም ይካፈላል!" አይካፈልም፣ 5 ይተርፋል። የድምሩ ዘዴ የሚሠራው ለ3 እና ለ9 ነው። 10 ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ 100ም 1,000ም እንደዚሁ፣ ስለዚህ አንድ አኃዝ የትኛውም ቤት ቢቀመጥ ቀሪው ላይ የሚጨምረው ራሱን ብቻ ነው። 10 ለ7 ሲካፈል ግን 3 ይተርፋል፣ 100 ሲካፈል ደግሞ 2። ሕጉ እዚያው ፈረሰ። እኔ ምክንያቱን ሳልነግራቸው ሕጉን ብቻ ማስሸምደድ አልወድም፤ ልጆቹን የሚያሳስታቸው እሱ ነውና።

ለ7 የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ። ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አኃዝ ክፈሉና አንዱን ቀንሱ፣ አንዱን ደምሩ፦ 567 − 234 + 1 = 334። 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 1,001 ስለሚሰጡ የ334 ቀሪና የትልቁ ቁጥር ቀሪ ለሦስቱም እኩል ነው። 334 ለአንዳቸውም አይካፈልም። በአንድ ስሌት ከሦስቱም ተገላገላችሁ!

ሦስተኛ፣ እዚህ ደርሶ ማቆም። ብዙዎች ከ13 በኋላ "በቃ፣ ብቸኛ ነው" ብለው ደብተር ይዘጋሉ። እባካችሁ ቀጥሉ። መልሱ የሚገኘው 31ኛው ብቸኛ ቁጥር ላይ ነው፦ 127 × 9,721።

ደግሞ በተቃራኒው የት ማቆም እንዳለበት የማያውቅ አለ። የ1,234,567 ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ 1,234,567 የሚሰጠው ቁጥር) ከ1,111 ትንሽ ይበልጣል። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ከዚህ በላይ ከሆነ ጓደኛው የግድ በታች ነው። ዳግም ዘሩ ከደብረ ሲና ዳገት ጫፍ ላይ እንዳለው መተላለፊያ፣ እንደ ጣርማ በር ነው፣ እሱን ካለፋችሁ ዳገቱ አልቋል።

9,721ንስ እንደ አዲስ መፈተሽ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። እሱን የሚያካፍል ሁሉ ትልቁንም ያካፍላል፤ ከ127 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ትልቁ ላይ ተሞክረው አልሆነም። 127 × 127 ደግሞ 16,129 ነው፣ ከ9,721 ይበልጣል። ስለዚህ 9,721 ራሱ ብቸኛ ነው፣ የ1,234,567 አካፋዮችም አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 127፣ 9,721 እና ራሱ።

የመጨረሻው ኮምፒውተርን በጭፍን ማመን ነው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው። መጨረሻው 7 የሆነ ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ብትጽፉለት 7ቷን ወደ 0 ይቀይራታል፣ ኢተጋማሹ ቁጥር ዝም ብሎ ተጋማሽ ይሆንባችኋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ይሻላል፣ ወይም ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፤ እሱ ሙሉ ቁጥርን ምንም ያህል ቢረዝም አኃዝ ሳይጥል ያሰላል።