ሰኞ ገዝቶ ዓርብ መሸጥ ያዋጣል? ራሳችሁ ፈትሹት

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰውዬ "አክሲዮን ሰኞ ግዛ፣ ዓርብ ሽጥ" እያለ ያስተምራል። ልጁ ባጃጅ እየነዳ ያጠራቀማት 50,000 ብር አለችው። በዚህ ዘዴ ሊገባባት ነው። ደነገጥኩ። ያን ቀን ያሳየሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ "ለምን?" በሉ። ለፋሲካ ዶሮ እንደሚወደድ ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ሁላችንም የካቲት ላይ ገዝተን አናስቀምጥም? እናቴ አንድ ዓመት ሞክራው ነበር። 12 ዶሮ ገዛች። ጥሬው በየቀኑ ያልቃል፣ ጓሮው ጠበበ፣ ፈንግል ገባና አራቱ አለቁ። ትርፏን ዶሮዎቹ በሉት። የፋሲካ ዋጋ በየዓመቱ የሚደጋገመው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ገዝቶ ማቆየት ያስከፍላል። አክሲዮን ግን ጥሬ አይበላም፣ አይታመምም። ሰኞ ርካሽ፣ ዓርብ ውድ እንደሆነ ሰው ካወቀ ሰኞ የሚገዛው፣ ዓርብ የሚሸጠው ይበዛል። ልዩነቱም ይጠባል።

ወሬው ግን ከባዶ አልመጣም። ኬኔት ፍሬንች የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆች 1980 ባሳተመው ጥናት ከ1953 እስከ 1977 የነበረውን የአሜሪካ ገበያ አይቶ፣ የሰኞ አማካይ ውጤት ኪሳራ ሆኖ አገኘው። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ግን በትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ እየደበዘዘ ሄደ። አክሲዮን ጃንዋሪ ላይ፣ በእኛ ጥር ገደማ፣ ይወጣል የሚለው ወሬ ደግሞ በ1942 ሲድኒ ዋክቴል ከጻፈው ይጀምራል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ግብር ነው። አሜሪካኖች ዓመቱ ሳያልቅ የከሰሩበትን አክሲዮን ሸጠው ግብራቸውን ይቀንሳሉ፣ ጃንዋሪ ላይ ተመልሰው ይገዛሉ። የእኛ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው! የእነሱን ወር እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከል ምን ይሉታል?

ቀጥሎ አንድ ብር ሳንቲም ያዙ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት መስመር አስምሩ። ለእያንዳንዱ ቀን 20 ጊዜ ወርውሩ። አንበሳው ሲመጣ "ወጣ"፣ ሚዛኑ ሲመጣ "ወረደ" ብላችሁ ጻፉ። እኛ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞከርነው። ረቡዕ 14 ጊዜ "ወጣ"። ልጁ "ረቡዕማ ይሠራል!" አለኝ። ሳንቲም እኮ ነው፤ ቀን አያውቅም። አምስት ቀንና አሥራ ሁለት ወር እያገላበጠ ለሚፈልግ ሰው አንዱ በአጋጣሚ ማማሩ አይቀርም። ስለዚህ ያገኛችሁትን የዋጋ መዝገብ ለሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያው ግማሽ ያማረውን ቀን ምረጡ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ሳታዩ አስቀምጡት። ቀኑ እዚያም ካልሠራ ተዉት። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩት ይህቺን ዘለው ነው የሚያልፉት፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወጪውን ቀንሱ። ዘዴው በሳምንት 0.1 በመቶ ያተርፋል እንበል። በ50,000 ብር ላይ 50 ብር ነው። ለመግዛት 0.2፣ ለመሸጥም 0.2 በመቶ ኮሚሽን ቢከፈል 200 ብር ይወጣል። በየሳምንቱ 150 ብር ከኪስ ማለት ነው።

አክሲዮን የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ገና ስንት ጥር አየና ነው "ጥር ላይ ይወጣል" የሚባለው? እዚህ መግዛት የፈለገ ሰው ቀን ከሚቆጥር አክሲዮኑን ሊገዛ ያሰበውን ባንክ የሒሳብ ሪፖርት ቢያነብ፣ ስንት ትርፍ እንዳከፋፈለ ቢያይ ይሻለዋል። ለዓመታት የማይፈልገውን ብር ብቻ ያስገባ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ባለ መስመር ደብተር ገዝቷል። በየቀኑ ማታ ዋጋ ይመዘግባል። 50,000ዋ እስካሁን አልተነካችም።