መምህር ስልጠና ሳይጠብቅ ማስተማሩን እንዴት ያሻሽላል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሃይስኩል ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ይሄን የምጽፈው መንዝም ይሁን መርሐቤቴ፣ ምንጃርም ይሁን አንኮበር፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና አሰልጣኝ ብዙም በማይደርስበት ቦታ ለምታስተምሩ ነው፣ ኮሌጅና ቴክኒክና ሙያ ለምታስተምሩም ያው ነው። ተሙማ የምንለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በአመት 60 ሰዓት ይጠይቀናል፣ ሀሳቡን አልቃወምም ትክክል ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ሰኔ ሲደርስ የአምናውን ፖርትፎሊዮ ቀን ቀይሮ ማስገባት ሆኗል። ማስተማር የሚሻሻለው እዛችው 40 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ምን እንደገባቸውና የት ጋ እንደቀሩ ስናይ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች ክላስ ውስጥ "ገባችሁ?" ሲባሉ "አዎ!" ሲሉ ነው የኖሩት።

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። "ክላስ ማኔጅመንት አሻሽላለሁ" እቅድ አይደለም። "ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ" እቅድ ነው። ለአንድ ወር እሱን ብቻ ያዙ።

2. ድምጻችሁን ቅዱ። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ መሀል ላይ ይደወልና ይቋረጣል፣ መቅጃውን አስጀምሩና ጋዋን ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ አለቀ። ቪዲዮ አልመክርም፣ ካሜራ ሲኖር ልጆቹም እናንተም ሌላ ሰው ትሆናላችሁ። ለልጆቹ "ራሴን ላዳምጥ ነው" ብላችሁ ንገሯቸው፣ ከሰማችሁት በኋላ አጥፉት፣ ለማንም አትላኩ። ማታ ሙሉውን መስማት አያስፈልግም፣ ከመሀል 10 ደቂቃ ይበቃል። ወረቀት ይዛችሁ ስንት ጥያቄ እንደጠየቃችሁ፣ ማን እንደመለሰ፣ ከጥያቄው እስከ መልሱ ደግሞ ስንት ሰከንድ እንደጠበቃችሁ ቁጠሩ።

የመጨረሻው ነው የሚያስደነግጠው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይታለች፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲያረዝሙት ደሞ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሶስት ሰከንድ ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ 60 ልጅ እያያችሁ ሰሌዳ ፊት ስትቆሙ ግን አያልቅም፣ ስለዚህ በውስጣችሁ ቁጠሩ፣ መልሱን ራሳችሁ አትስጡ፣ ቀድሞ እጁን ላወጣው ልጅም ቶሎ እድል አትስጡት።

3. "ገባችሁ?" ማለት አቁሙ። እዚህ ላይ ረዘም ላርግ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው።

"አዎ ቲቸር!" የሚለው መልስ ስለ ትምህርቱ ምንም አይነግረንም። ልጁ አልገባኝም ቢል ጓደኞቹ ፊት ያፍራል፣ ይሉኝታም አለ፣ መምህሩን ያስቸገረ ይመስለዋል፣ ቤቱም ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው ያደገበት፣ ስድስተኛ ፔሬድ ከሆነ ደሞ ርቦታል፣ ገና ብዙ መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው ቤቱ የሚገባው። በዛ ላይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን አረፍተ ነገሩን በቃሉ ሸምድዶ ሀሳቡን ሳይዝ መሄድ ይችላል፣ ለራሱም የገባው ይመስለዋል። ይሄኛው ልጅ እየዋሸን አይደለም፣ ለዛ ነው እሱን ማግኘት የሚከብደው።

በሱ ፈንታ የገባውን ካልገባው የሚለይ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ። አንድ ብቻ፣ ግን ቤት ቁጭ ብላችሁ የታሰበበት። ለምሳሌ ስለ መፍያ ነጥብ አስተምሬ "ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ብል ክላሱ በአንድ ድምጽ "መቶ!" ይላል፣ ማንንም ከማንም አልለየሁም። ይልቅ እንዲህ እላለሁ፤ በአንድ አይነት ተራ ድስት የባቄላ ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው የት ነው? ሀ. ደብረ ብርሃን፣ ለ. ሸዋ ሮቢት፣ ሐ. እኩል ነው። መቶን የሸመደደው ልጅ ሐ ይላል። ግፊት ሲቀንስ መፍያውም ዝቅ እንደሚል የሰማው፣ ግን እስከ መጨረሻው ያላሰበው ሀ ይላል፣ "ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላላ!" ብሎ ይከራከራል። የገባው ለ ይላል፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላና ከዛ በላይ አይሞቅም፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 95 አልፎ ነው የሚፈላው፣ ባቄላውን የሚያበስለው ደሞ ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። አያችሁ፣ የተሳሳቱት ሁለቱ ምርጫዎች ልጁ የት ጋ እንደቆመ ይነግሯችኋል። "ሁሉም መልስ ነው" የሚባለውን ምርጫ ግን ጣሉት፣ ቦታ ከመሙላት በቀር ምንም አይነግራችሁም።

መልሱን እጅ በማውጣት አትቀበሉ፣ ሁሌ የሚያወጡት እነዛው አምስት ልጆች ናቸው። ሁሉም ልጅ በጣቱ ይመልስ፣ ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሶስት፣ ጣቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ "አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት" ስትሉ እኩል ያሳይ፣ እንዳይኮራረጅ። ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። አብዛኛው ካገኘው እለፉ። ጥቂት ብቻ ካገኙት እናንተ እንደገና በሌላ መንገድ አስረዱ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ከሆነ ግን መልሱን አትናገሩ፣ ሁለት ደቂቃ ሰጥታችሁ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከሩ፣ ከዛ እንደገና በጣት ይመልሱ። ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ከፈረንጆቹ 1991 ጀምሮ እንዲህ ነው ያስተማረው፣ እሱም ማስተማሩን የቀየረው ተማሪዎቹ ቀመሩን እየሰሩ ሀሳቡ ግን እንዳልገባቸው ካየ በኋላ ነው። ሲከራከሩ በአማርኛ ይከራከሩ፣ አትከልክሏቸው። ያኔ ነው ከቆላ የመጣው ልጅ "ጣርማ በር ከፍታው ላይ ጠጥቼ የዘጋሁት ባዶ ሃይላንድ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ተጨማዶ አገኘዋለሁ" የሚለው፣ ይሄ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ የአየር ግፊት ትምህርት ነው።

"ይሄን ሁሉ ሳደርግ ምዕራፉ አያልቅም" ትላላችሁ፣ እውነት ነው አንዳንዴ አያልቅም። ትምህርት ተቋርጦባቸው ከርመው የተመለሱ ልጆች ባሉበት ክፍል ደሞ ክፍተቱ ከ7ኛና 8ኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚታየው። እኔ ግን ሰሌዳ ላይ ያለቀ፣ ልጆቹ ጋ ያልደረሰ ምዕራፍ አለቀ አልለውም።

4. የመውጫ ወረቀት። በሳምንት አንዴ መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ አንድ ጥያቄ በሩብ ሉክ ይመልሱ፣ ስም አያስፈልግም። አታርሙት! 60 ወረቀት ማረም ከጀመራችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ ያልገባው ብላችሁ ሶስት ቦታ ክመሩት፣ የነገውን ክላስ ከመካከለኛው ክምር ጀምሩ። ያያችሁትን ደሞ የሳምንቱ ሌሰን ፕላን ላይ "ምርመራ" የሚለው ሳጥን ውስጥ በአንድ መስመር ጻፉ፣ ሁሌ "በእቅዱ መሰረት ተሰርቷል" የሚባልበት ቦታ ማለቴ ነው።

5. ሰው ክፍል ግቡ፣ ሰውም ይግባላችሁ። ከቲቲአይ (ከድሮው የመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም) ዘመን ጀምሮ ያስተማሩ አንጋፎች ካሉ ከማንም ስልጠና በላይ ናቸው። "ጋሼ፣ ነገ ሁለተኛ ፔሬድ እርስዎ ክፍል ኋላ ተቀምጬ ልይ?" በሉ፣ አብዛኞቹ "ና፣ ምን ችግር አለው" ነው የሚሏችሁ። እናንተ ስትታዩ ደሞ የሚታየውን ነገር ቀድማችሁ ስጡ፤ "የመጨረሻዎቹን ሁለት ዴስክ ብቻ እይልኝ፣ ምን እየሰሩ እንደነበር ጻፍልኝ" አይነት። "ጥሩ ነበር" የሚል አስተያየት አይጠቅምም፣ "እያስረዳህ ሳለ ሶስቱ ሰሌዳውን ይገለብጡ ነበር፣ አንዱ ተኝቷል" የሚለው ነው የሚጠቅመው። በዛው ቀን ሻይ እየጠጣችሁ ተነጋገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ይሄን የእርስ በርስ ጉብኝት ከስራ አፈጻጸም ውጤት ጋር አያያዘው። ከዛ በኋላ መምህሩ ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት ያስተማረውን እየደገመ ማሳየት ጀመረ፣ ልጆቹም መልሱን አውቀው ነው የሚጠብቁት፣ ማንም ከማንም ምንም አልተማረም። ነጥብ ከመጣ እውነት ይሄዳል፣ ስለዚህ ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር የሆናችሁ እባካችሁ ለጉብኝቱ ውጤት አትስጡበት።

አንድ ክፍል ደረጃ ላይ ሁለት ሶስት ሆናችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ጃፓኖች ጁጊዮ ኬንኪዩ የሚሉትን ሞክሩ፣ አንድ ትምህርት አብራችሁ ታቅዳላችሁ፣ አንዱ 9ኛ ኤ ላይ ያስተምራል ሌላው ልጆቹን ያያል፣ የተበላሸውን አስተካክላችሁ ሌላው 9ኛ ቢ ላይ ያስተምረዋል። ሴክሽን በቁጥር አይጎድለንም እኮ።

ስለ መሳሪያ ከተጠየቅኩ፦ ፓወርፖይንት ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ጠመኔ ይበቃል። የቴሌግራም ሾርት ኖት ለተማሪ ክለሳ ይሁን፣ መምህር ከሱ ተዘጋጅቶ ክላስ መግባቱ ግን ያሳዝነኛል። ኤአይ ጥያቄ እንዲያወጣላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ግን ክፍል ከመግባታችሁ በፊት እያንዳንዱን በእጃችሁ ስሩት፣ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሚድ ካረማችሁ በኋላም ማርክ ደምራችሁ አትዝጉት፣ ብዙ ልጅ የሳተውን ጥያቄ አውጡና የትኛውን የተሳሳተ ምርጫ እንደመረጡ ቁጠሩ።

6. ልጆቹን ጠይቁ። ሴሚስተሩ ሲጋመስ (ሲያልቅ ምን ያደርጋል!) ስም በሌለው ወረቀት ሁለት ጥያቄ፤ "ለመማር የረዳህ ምንድን ነው? ያስቸገረህስ?" የእጅ ጽሁፋቸውን እንዳታውቁት ብለው ይፈራሉ፣ ስለዚህ አንድ ተማሪ ሰብስቦ ቀላቅሎ ያምጣላችሁ። የሚያስከፋ ነገር ይኖራል፣ አንብባችሁ አስቀምጡትና በሁለት ቀኑ እንደገና አንብቡት፣ ብዙ ልጅ የደጋገመውን ብቻ ያዙ። ከዛ ክላስ ስትገቡ "እንዲህ ብላችሁኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄን እቀይራለሁ" በሏቸው፣ ካልነገራችኋቸው በሚቀጥለው ሴሚስተር "ሁሉም ጥሩ ነው" ብለው ነው የሚጽፉላችሁ።